ለባርኔጣ የታጠፈ ዘንግ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም እንደ ሌላው ቀን ጀመረ። የስፖንጅ ሽታ፣ የመጋዝ ጩኸት፣ በያጁ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ የሚያንጎራጉረው ያው አንድ ዜማ... ለሚኒባስ የነደፍኩት አዲሱ ወንበር ለእይታ ወለሉ መሃል ቆሟል። ደጋግሜ ዞርኩት። ኮራሁበት። ምን ይደረግ፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው።

ከቀትር በፊት ባለ ባርኔጣው መጣ። የፋብሪካው ጌታ። በስሙ የሚጠራው የለም። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ያየ ሰውም የለም። በያጁ "ሲተኛ እንኳ መጀመሪያ ባርኔጣው ነው ጋደም የሚለው" ይላል። ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። ደገፍ ሲል የባርኔጣው የኋላ ክፈፍ ከራስ መደገፊያው ጋር ተላተመና ባርኔጣው ተንሸራቶ ዓይኑን ሸፈነው። ሠራተኛው ሁሉ ቶሎ ወደ ግድግዳ ዞረ። እኔ አልቻልኩም... ሳቄ አመለጠኝ።

"ይሄ ነገር ይገፋል" አለ ባርኔጣውን እያቃና።

"መቅረብ ስላለበት ነው። ጭንቅላትዎ ከመደገፊያው ከራቀ፣ ከኋላ የተመቱ ቀን የሚቀጣው አንገትዎ ነው።"

"ማነው እኔን የሚመታኝ?"

"ማንም። ቀይ መብራት ላይ ቆመው ሳለ።"

"ደንበኛዬ ወንበር የሚገዛው ሊቀመጥ ነው እንጂ ሊጋጭ አይደለም። ተቀምጦ ካልተመቸው ጥሎኝ ይሄዳል። ዘንጎቹን ወደ ኋላ እጠፏቸው።"

"ለባርኔጣ ብለን?"

ባለ ባርኔጣው አየኝ። በያጁን አየው። "እጠፋቸው አልኩ።"

በያጁ መደገፊያውን የሚይዙትን ሁለቱን ዘንጎች በእሳት አጋለና በቧንቧ ይዞ አጠፋቸው። መደገፊያው አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ ሸሸ። ተቀምጬ ሞከርኩት። ከጭንቅላቴ ኋላ ባዶ አየር...

"በዚህ አልስማማም" አልኩ።

"ማን ተስማሚ አለሽ?" አለኝ እየወጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አንዱን ወንበር አላስነካሁም። ከነቀጥ ያሉ ዘንጎቹ የፋብሪካው ሚኒባስ ላይ ከሹፌሩ ጎን አስገጠምኩት። "ለናሙና ነው" ብዬ። የሹፌሩ ግን እንደ ሌሎቹ ታጥፏል። ያተረፍኩት ይቺን አንዷን ብቻ ነው። ካለመኖር ይሻላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከኋላ ተመታን።

ከሹፌራችን ጋር በፋብሪካው ሚኒባስ የወንበር ጨርቅ ልናመጣ ወጥተን ነበር። ጋሽ ቀስበል ይሉታል፤ የሚቀድመውን ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ "ቀስ በል!" እያለ ስለሚመክር። መብራቱ ቀይ ሆነና ቆምን። እሱ ደገፍ ብሎ ስለ ሚስቱ ያጫውተኝ ነበር። "'መኪና ላይ ቀስ፣ ገበታ ላይ ፈጣን' አለችኝ እኮ..." ሳቄ ሳያልቅ ጓ! የሚል ድምፅ።

ከባድ አልነበረም። የኋለኛው ሰውዬ እግሩ ከፍሬን ተንሸራቶበት ነው። ወርደን ባምፐሩን አየን። ጭረት እንኳ የለም። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይቅርታ አለ። ጋሽ ቀስበል ደግሞ ሳቀ። "ምነው ቀስ ብትል ወንድሜ?" አለው። ተጨባብጠን ተለያየን።

እኔ ጭንቅላቴ ወዲያው መደገፊያው ላይ ሲያርፍ ተሰምቶኛል። ሰው ከኋላ በእጁ እንደያዘኝ። እሱስ? "ምንም" አለ። አንገቱን ግን እየነዳ ሁለቴ አሸት አደረገ። አየሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጋሽ ቀስበል አልመጣም። ሚስቱ ደወለች። ከአልጋው የተነሳው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ ነው አለች። "የሞላ ድስት እንደሚያነሳ ሰው።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ደህና ነው ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙት። ደህና ከሆነ ግራና ቀኙን ማየት ለምን አቃተው? ለምን ያዞረዋል? ጅማት በራጅ አይታይም። የማይታይ ነገር አያምም ያለው ማነው?

የኢንሹራንሱ መርማሪ ፋብሪካ መጣ። ጨዋ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ጎልማሳ ሰው። ባምፐሩን በጣቱ ዳበሰ።

"በዚህ ነው አንገት የተጎዳው? ቀለም ያላስለቀቀ ምት ሰው የአልጋ ቁራኛ ያደርጋል?"

"እረፍት አምሮት ነው" አለ ባለ ባርኔጣው።

መርማሪው ወደኔ ዞረ። "አንቺም አብረሽ ነበርሽ አሉኝ።"

"ከጎኑ ነበርኩ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ግን..."

"ምንም" ብሎ ጻፈ። "ግን" ያልኩትን አልጻፈም!

ገባኝ። ማስረጃቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ደህና ናት፣ ስለዚህ ሰውዬው አስመሳይ ነው። እኔ ያነበብኩት ሁሉ የሴት አንገት በእንዲህ ያለ ምት ከወንድ ቀድሞ ይጎዳል ነው የሚለው። መጎዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የዳንኩበትን ወንበር ትተው ጤናዬን ምስክር አድርገው አቆሙበት።

"ወንበሮቹ አንድ አይደሉም!" ብዬ ጮኽኩ። "የኔ ዘንጎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የሱ ታጥፈዋል!"

ባለ ባርኔጣው አልተቆጣም። "ኑ፣ ይዩዋቸው" ብሎ መርማሪውን ወደ ሚኒባሱ ወሰደው። ሁለቱም ታጥፈዋል። ሁለቱም! የኔን ትናንት አሳጥፎታል። "እንዲመሳሰሉ ብዬ ነው" አለኝ። በያጁ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ጋሽ ቀስበል ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍልና ጓዳ። ሶፋው ላይ በትራስ ታጥሮ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ በግራው ነው። ወደዚያ መዞር ስለማይችል ሚስቱ እያየች ትነግረዋለች። "ሬዲዮ አደረግሻት እኮ" ይላታል። ሳቅን። እሱ ሲስቅ ፊቱ ተጨማደደ። ያመዋል፣ መሳቅ ያመዋል።

"ፋሻ እንኳ የለኝም እኮ ልጄ" አለኝ። "ሰው የሚያዝነው ቁስል ሲያይ ነው። ወንድሜ ትናንት መጥቶ 'ተነስ፣ በልተህ ወዝተሃል' ብሎኝ ሄደ። አንዳንዴ እኔም ራሴን እጠረጥራለሁ... የእውነት ያመኛል?"

ሚስቱ ከጓዳ መለሰችለት። "ተኝተህ ስታቃስት የምሰማው እኔ ነኝ። ሰው በእንቅልፉ ማንን ሊያታልል ያቃስታል?"

ፋብሪካው በቅርቡ ካልተመለስክ መኪናውን ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ ብሎታል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ጉዳት ነው ብሎ ካላመነ አይከፍልም። ሌላ ሥራ አያውቅም። ዕድሜውን በሙሉ ሲነዳ አንድ ሰው አልገጨም። አሁን አስመሳይ ተብሎ ሊባረር ነው።

ስወጣ ጠራኝ። "አንቺ እንዴት ተረፍሽ?" በቅናት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

መዳፌን ከጭንቅላቱ ኋላ አስጠጋሁለት። "እኔ ይሄ ነበረኝ ጋሼ። አንተ አልነበረህም።"

"ታዲያ ለነሱ አሳዪያቸዋ!" አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ቢሮው ገባሁ። ተቀመጪ አላለኝም፤ ብባልም አልቀመጥም ነበር።

በረጋ ድምፅ አስረዳሁት። መኪናው ከኋላ ሲገፋ ወንበሩ ጀርባን ይዞ ወደፊት ይሄዳል። ጭንቅላት ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የምትጎተተው አንገት ናት። ሰው ዓይኑን ከድኖ ሳይገልጥ ያልቃል። ቶሎ ሊደርስላት የሚችለው ቅርብ ያለ መደገፊያ ብቻ ነው። አርቀን አጠፍነው...

"ጨረስሽ?" አለ። "ወንበሩን የነደፍሽው አንቺ ነሽ። ወንበሩ ጥፋት ካለበት ጥፋቱ ያንቺ ነው። ከሌለበት ደግሞ ሰውዬው አስመሳይ ነው። አንዱን ምረጪ።"

ጥሩ ወጥመድ። አሰበበት ማለት ነው።

"ሦስተኛም አለ" አልኩት።

"ምን?"

"ባርኔጣዎ።"

ወዲያው ጠረጴዛዬን እንድለቅ ታዘዝኩ። ማስመሪያዬንና የሻይ ኩባያዬን ይዤ ወጣሁ። ጥበቃው በር ላይ ቦርሳዬን በረበረ። በርብር፣ የፈለጋችሁት ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

አለቀስኩ። ነገ አላለቅስም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

እማዬ ስፌቷ ላይ አቀርቅራ ትመክረኛለች። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ። ተይው።"

"እያደር ሲጠራ ጋሽ ቀስበል ምን ይሁን? እኔ ንጋት አልጠብቅም።"

"ከሀብታም ጋር መታገል ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።"

"ድንጋይስ ቢሆን ውሃ ሲደጋገምበት አይቦረቦርም?"

"አይ አፍ! እንዳለ አባትሽን።" ሰደበችኝ ወይስ አመሰገነችኝ? አላወቅኩም። ግን ጓሮውን ለቀቀችልኝ።

ማን አጠፈው የሚለውን ትቻለሁ። እኔ ነኝ እሱ ነው ብንባባል ዓመት ይፈጃል። የማሳየው አንድ ነገር ነው፤ ባምፐር ሳይጫር አንገት መጎዳት እንደሚችል፣ የሚጎዳውም በዚያ መታጠፍ እንደሆነ። ይሄ ከታየ ጋሽ ቀስበል አስመሳይ አይደለም።

ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሁለት ረጃጅም ሀዲድ አገኘሁ። በላያቸው የሚንሸራተት ጋሪ፣ በጋሪው ላይ በንድፌ የገጣጠምኩት ወንበር። ከዛፉ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ግንድ። ግንዱን ወደ ኋላ ስቤ ስለቀው ጋሪውን ከኋላ ይመታዋል። ቀይ መብራት ላይ እንደሆነው። የቀረኝ ሰው ነው።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከጆንያ ትከሻና ወገብ ያለው ገላ ሰፋችልኝ፤ አሸዋ ሞላንበት። ጭንቅላቱ በአሸዋ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ነው፣ ክብደቱ በሰው ራስ ልክ።

"ወንድ ነው ሴት?" አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

"እንግዳ ነው።"

"እንግዳ ከሆነ ምነው ደጅ አሳደርሽው?"

እሁድ፣ ታኅሣሥ 6

አልሠራም። አንገቱን ከብረት ሞላ ነበር የሠራሁለት። ግንዱ ሲመታው እንግዳው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቀረ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። "ምን ሆና ነው የተማረችው ልጅ?" ሲባል ሰማሁ። እማዬ "ሰላምታ እያስተማረችው ነው" አለቻቸው።

ሞላውን አውጥቼ የጎማ ቱቦ አስገባሁ። የሰው አንገት ለስላሳ ነው። ለዚህ አይደል ወንበር የሚያስፈልገው?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

በያጁ መጣ። ግቢው ውስጥ ገብቶም ወደ ኋላው ይገላመጣል።

"እኔ እዚህ አልመጣሁም" አለኝ።

"አላየሁህም።"

ከጃኬቱ ሥር የጋዜጣ ጥቅልል አወጣ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ ሁለት የታጠፉ። "እነዚህም ከኔ አልተገኙም።"

"ከሰማይ ወደቁ።"

ሳቀና ሳቁ ቶሎ ከሰመ። "እህቴ፣ አሁን ሰውዬው ምን ጀመረ መሰለሽ? 'በያጁ በስህተት አጥፎት ይሆናል' ይላል። በስህተት! እሱ ቆሞ እያየኝ! ነገር ከጠና በኔ ላይ ሊያላክክ ነው።"

"ያላክካል" አልኩት። ማባበል አልወድም።

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ሸሚዝህን አውልቅና ያን ግንድ ሳብልኝ።"

እሁድ፣ ታኅሣሥ 20

ዛሬን አልረሳትም።

መጀመሪያ የታጠፉት ዘንጎች። በያጁ ግንዱን ለቀቀው። በዓይን ሲታይ ምንም... ጋሪው ትንሽ ተንሸራተተ፣ እንግዳው ነቅነቅ አለ፣ አለቀ። በያጁ "ይሄው ነው?" አለ። ስልኬ ላይ የቀረጽኩትን አዘግይቼ ከፈትኩት። ሁለታችንም አፋችን ተከፈተ። ትከሻው ወደፊት ሲሄድ ቆርቆሮው ወደ ኋላ ቀርቷል። ጎማው መጀመሪያ ጠመዝመዝ አለ፤ ቀጥሎ መደገፊያው አናት ላይ ታጥፎ ተሰበረ እስኪመስል ተለጠጠ። በያጁ ሳያውቀው አንገቱን ያዘ።

"ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት?" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዝዘህ ነው። አሁን ቀጥ ያሉትን አስገባ።"

ቀጥ ያሉት ተሻሉ። ግን እኔ የጠበቅኩትን ያህል አይደለም! ቆርቆሮው አሁንም ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያነሰ ቢሆንም። ያን ያህል ጮኼ...

ተቀምጬ ቀረጻውን ደጋግሜ አየሁት። እማዬ ሻይ አምጥታ አስቀመጠች፤ በረደ። ከዚያ አየሁት። ትከሻው! የወንበሩ ጀርባ ላይኛው ክፍል ደረቅ ነው። ጭንቅላት መደገፊያው ጋ ሳይደርስ ትከሻን ቀድሞ ይገፋል። መደገፊያ ብቻውን አይበቃም። ትከሻ ትንሽ ወደ ውስጥ ሰመጥ ካለ ጭንቅላትና ጀርባ አብረው ይደርሳሉ። ከላይ ያሉትን ሞላዎች አላላናቸው። ስፖንጁን ቀየርን።

ግንዱ ተለቀቀ። እንግዳው ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። ቆርቆሮው መደገፊያው ላይ ጋደም አለ። ጎማው አልታጠፈም። ጮኽኩ! እማዬ ከነመርፌዋ ሮጣ ወጣች። "ማን ሞተ?"

"ማንም! ማንም አልሞተም!"

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

መርማሪውን ለማስመጣት ቢሮው በር ላይ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ! ዛሬ መጣ። ባለ ባርኔጣውንም ይዞት መጣ። "ደንበኛችን ናቸው፣ መስማት አለባቸው" አለኝ። ጥሩ፣ ይስማ።

ጋሽ ቀስበልም ሚስቱ ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ መጣ። አጥሩ ጥግ ወንበር ሰጠነው። ባለ ባርኔጣው አላየውም። ማለቴ፣ አላይም አለ።

"ይሄ ምንድን ነው? የሕፃን ጨዋታ?" አለ እንግዳውን እያየ።

እማዬ ከበሩ "እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለች። እሱ ባርኔጣውን አቃና።

የታጠፉትን አስገብቼ ግንዱን ራሴ ለቀቅኩት። መርማሪውን ወደ ጋሪው ጠራሁት። "የጋሪውን ቀለም የተቀባ የኋላ ሳንቃ ይዩልኝ።"

ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰ፤ ልክ ያኔ ባምፐሩን እንደዳበሰው።

"ተጭሯል?"

"አልተጫረም።"

"ቀለሙስ?"

"እንዳለ ነው።"

ስልኩን ሰጠሁት። አየ። መልሶ አየ። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ቀስበል ካለበት "እሱ ነው! እንደሱ ነው የሆንኩት!" የሚል ድምፅ ወጣ። ስልኩን ያየ መስሎኝ ነበር። አልነበረም፤ መዞር የት ይችላል? በቀረጻው የደነገጠውን የመርማሪውን ፊት ነው ያየው።

ከዚያ አዲሱ ወንበር። ያው ግንድ፣ ያው ሰንሰለት፣ ያው እንግዳ። ጎማው አልታጠፈም።

"አንቺ የተቀመጥሽበት ይሄኛው ነበር?" አለኝ መርማሪው።

"ዘንጉ እንደዚህ ቀጥ ያለ ነበር። ጀርባውን ያሻሻልኩት አሁን ነው።"

"የታጠፈውስ?"

"የሳቸው።" ጋሽ ቀስበልን አሳየሁት።

ባለ ባርኔጣው ሳቀ። "ቆርቆሮና ጆንያ! ሰው እኮ አይደለም።"

"እንግዲያው እርስዎ ይቀመጡ" አልኩት። "ግንዱን ቀስ አድርጌ ነው የምለቀው።"

አልተቀመጠም። የታጠፈው ላይም፣ ቀጥ ያለው ላይም። መርማሪው ይህንንም አየ።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ባለ ባርኔጣው አስጠራኝ። ዛሬ "ተቀመጪ" አለኝ። እኔም ተቀመጥኩ፤ የታጠፈ ወንበር ነበር፣ አልተደገፍኩም።

ንግግሩ ማር ነው። ከእንግዲህ የሚሠሩት ወንበሮች ሁሉ እኔ ባልኩት መንገድ ይሠራሉ። ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፣ ክፍሉን እመራለሁ። ለጋሽ ቀስበል ደግሞ "ከኪሴ ጣል አደርግለታለሁ።"

"በምትኩስ?"

"በምትኩ አፍሽን መሰብሰብ ነው። እስካሁን ስለተሸጡት ወንበሮች አታወሪም። ጥፋት እንደሌለባቸው ታረጋግጫለሽ። ከተማውን ሁሉ አታስደንግጪ።"

አማረኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ለራሴ ነው የምጽፈው። አማረኝ! የራሴ ክፍል፣ የራሴ ንድፍ፣ እማዬ ዓይኗን ስፌት ላይ ባታፈስ... ከዚያ በሚኒባስ የሚሳፈረውን ሰው አሰብኩ። ነፍሰ ጡሯን። ተማሪውን። ከኋላቸው ባዶ አየር ተሸክመው ቀይ መብራት ላይ ቆመዋል።

"ጋሽ ቀስበል ምጽዋት አልጠየቀም" አልኩት። "የጠየቀው እንዲታመን ነው። የተሸጡትን ይሰብስቡና ያቃኑ። ያኔ እመለሳለሁ።"

"በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ ይመጣል ብለሽ ነው?"

"አይመጣም ይሆናል። እንግዲህ ራሴ መፈለጌ ነዋ።"

ማክሰኞ፣ ጥር 13

መርማሪው ደወለ። የጋሽ ቀስበል ጉዳት ጉዳት ነው ተብሎ ተመዘገበ። ሊከፈለው ነው፤ ሕክምናውም ይቀጥላል። "ስለ ተሸጡት ወንበሮች ግን የኛ ሥልጣን አይደለም" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ባለቤቴ በሚኒባስ ነው የምትመላለሰው... የትኞቹ እንደሆኑ እንዴት ይለያል?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ሥልጣን የማንም ካልሆነ የኔ ነው። በያጁ ሥራውን ለቆ መጥቷል፤ "ከመባረር መቅደም ይሻላል" ይላል። ሀዲዱን፣ ጋሪውን፣ እንግዳውን ጭነን ሚኒባስ ተራ ሄድን። ግንዱን የሚሸከም ምሰሶ በያጁ በየደው።

ሹፌሮቹ ከበቡን። ምላሳቸው!

"እህት፣ ይሄ ተሳፋሪ ሂሳብ ከፍሏል?"

"ራስ የለውም እኮ፣ ረዳት አድርጉት!"

"ከሱ ራስ ያንተ ይሻላል? ያንተም ቆርቆሮ ነው!"

ሳቁ። ይሳቁ። ግንዱን ለቀቅኩ፣ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍኩ። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ... አንዱ ወጣት ሹፌር መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እጁን ከጭንቅላቱ ኋላ አስገባ። ሙሉ እጁ ገባ። ወጥቶ አየኝ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

"ባለፈው ወር ተመትቼ ነበር" አለ። "እስካሁን ወደ ግራ ስዞር ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም... ምን ብዬ ልናገር? መኪናው ደህና ነው።"

ሌላም ከኋላው "እኔም" አለ። ሌላም። ስንቱ ነው አንገቱን ይዞ ዝም ያለው?

የመጀመሪያውን ወንበር እዚያው ፈታነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ከሚኒባስ ተራው ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ አለችን። በያጁ ዘንግ ያቃናል፣ እማዬ የጀርባውን ጨርቅ ትሰፋለች፣ እኔ ሞላና ስፖንጅ እቀይራለሁ። እጄ ሻካራ ሆኗል። የጥፍሬን ጥቁር ምንም አያስለቅቀውም።

ባለ ባርኔጣው ይቅርታ አልጠየቀኝም። አልጠበቅኩም። ሹፌሮች የታጠፈ ወንበር አንቀበልም ስላሉት ቀጥ ያለ መሥራት ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ። የራሱ ሐሳብ ነው እያለ። ይበል። የተሳፋሪው አንገት እስከተረፈ ድረስ ሐሳቡ የፈለገው ሰው ይሁን።

ጋሽ ቀስበል ገና አይነዳም። አንገቱ ግን በግራ በኩል መዞር ጀምሯል። ወንድሙ ይቅርታ ሊለው ሲመጣ እሱ "በልተህ ወዝተሃል ያልከኝ እኮ ልክ ነህ፣ ወፍሬያለሁ" ብሎ አሳቀው። ጋሽ ቀስበል ጠዋት ጠዋት ወደኛ ይመጣል። ማንም አልቀጠረውም። የተስተካከለ መኪና ከመውጣቱ በፊት ሹፌሩን አስቀምጦ የሚፈትሸው እሱ ነው። እንደ ዳኛ ይቆጣል።

ዛሬ አንድ ግዙፍ ሹፌር ተቀምጦ ማጉረምረም ጀመረ። "ይገፋኛል። የድሮው ይሻለኝ ነበር። ሰፊ ነበር።"

እኔ ላስረዳው አፌን ስከፍት ጋሽ ቀስበል ቀደመኝ።

"ሰፊ? እኔ በዚያ ስፋት ውስጥ ነው ሦስት ወር የተኛሁት። ወደ ኋላ በል። በደንብ! ነካህ?"

ሰውዬው ደገፍ አለ። ዓይኑን ወደ ላይ አንከባለለ።

"ነካኝ።"

"በቃ፣ ውጣ" አለው ጋሽ ቀስበል። ከዚያ መላ ሰውነቱን ሳያዞር፣ አንገቱን ብቻ ወደ ሰልፉ አዙሮ ተጣራ።

"ቀጣይ!"